ያመሰገኑኝ ሦስት ምስክሮች

ለተከበሩ እኅቴ ለወይዘሮ ወለተሰንበት ኩማ፣
ደገም።

እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? በጋው እንደምን አለፈልዎ? ጤናዎስ፣ እንቅልፍዎስ፣ የምግብ ፍላጎትዎስ እንደምን ነው? ላሞችዎ፣ ጓሮዎ፣ ደጃፍዎ ላይ ያለው ወይራ ሁሉም ደኅና ናቸውን? ከሁሉም በላይ ጉልበትዎ እንደምን ሆነልዎ? ስለ ጉልበትዎ የምለው ብዙ ስለሆነ ወደ መጨረሻው አቆይቼዋለሁ፤ እስከዚያው ይታገሡኝ። እኔ፣ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና፣ ደኅና ነኝ። ይህንንም ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ የጻፍሁት እንዳይመስልዎ፤ በእርግጥ ደኅና ነኝ።

ባለፈው ሐምሌ የላኩልኝ ደብዳቤ በጊዜው ደርሶኛል። መልሱ ግን ይኸው ዐሥር ወር ዘገየ። ወንድሜ ረሳኝ ብለው አዝነው ይሆናል፤ ወይም ሞቶ ይሆናል ብለው ሰግተው ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም ላይ አላላክክም። ምክንያቱን ሳላሳምርና ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ። ነገሩ የሚያሳፍር ነው፤ ነገር ግን በበኩሌ አፍሬበት ጨርሻለሁና አሁን ሳወራው እንኳ ደስ ይለኛል።

እንደሚያውቁት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ በ1971 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ሥራ ላይ ሳለሁ ለእኔም ለባለቤቴ ለየሺሀረግም የመታከሚያ ደብዳቤ የሚጽፍልን መሥሪያ ቤቱ ነበር። እኔ ስሰናበት ያ ደብዳቤም አብሮኝ ተሰናበተ። ታምሜ ስለማላውቅ ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም። በዓመቱ የሺሀረግ ዐረፈች፤ እርስዎም ለአርባዋ መጥተው እንባዬን አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ጡረታዬ ለእህልና ለሳሙና ያህል ነው፤ ለሐኪም የሚተርፍ ነገር የለውም። ይህንን ግን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለእርስዎም ጭምር።

ዓይኔ መጨለም የጀመረው በ1973 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የዳዊቴ ቀዩና ጥቁሩ ቀለም አንድ ሆነብኝ። ቀጥሎ ሻይ ስቀዳ ብርጭቆው እዚህ፣ ሻዩ እዚያ ሆነ። አንድ ቀን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ቀይ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝና ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ ነሣሁ። መልስ ስላልሰጠኝ «የዘንድሮ ሰው!» ብዬ ተቈጥቼ አለፍሁ። ያ የተከበረ ሰው የፖስታ ሣጥን መሆኑን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደ ቆመ ሳገኘው ነው።

ይህን ሁሉ ደበቅሁ። ጠዋት ጠዋት ከጌጃ ሰፈሩ ባለሱቅ ከአቶ በከር ዘንድ ጋዜጣዬን እንደ ወትሮው ገዝቼ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እዘረጋለሁ፤ በየመካከሉም ገጽ እገልጣለሁ። ጎረቤት «ዛሬ ምን ይላል?» ሲለኝ ማለዳ ከሬዲዮ የሰማሁትን እነግረዋለሁ። ወሩ ሲያልቅ እሳት ላይ የሚጣድ ነገር የጠፋ እንደ ሆነም የባሕር ዛፍ ቅጠል አነድዳለሁ። ጢሱ በጣሪያው ሲወጣ ያየ ሁሉ በአቶ ወልደአማኑኤል ቤት ወጥ ተጥዷል ይላል። ኧረ እኔ ቤት ምንም አልተጣደም።

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚህ ጊዜ ነው። ፖስታውን ዳሰስሁት፤ ዘርግቼም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቀረብሁት፤ ከጉም በቀር ምንም አልታየኝም። እንደ ወትሮው የደብርዎ ዲያቆን የጻፈልዎ መሰለኝ። የሰፈሩን ሰው ማመልከቻ ስጽፍና ደብዳቤ ሳነብብ የኖርሁ ሰው፣ «እባክህ ይህን አንብብልኝ» ማለት እንደ ተራራ ከበደኝ። ስለዚህ አጥፌ ከዳዊቴ ቅጠል መካከል አኖርሁት። በየማለዳው ዳዊቴን በቃሌ እደግማለሁ፤ ደብዳቤዎም እዚያው ተዘግቶ ይጠብቀኛል።

በኅዳር ወር ምርጫ አጥቼ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሙ ዓይኔን በባትሪ አይቶ፣ «አባቴ፣ ይህ የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ጥገና ይነሣል። ከተዉት ግን በዓመት ውስጥ ቀኑን ከሌሊቱ አይለዩም» አለኝ። ለየካቲት 15 ቀን ቀጠረኝና ወይ እንድከፍል፣ ወይ ከቀበሌዬ የነጻ ሕክምና ወረቀት እንዳመጣ ነገረኝ። ያ ቀን ካመለጠኝ ተራዬ የሚደርሰው ከክረምት በኋላ መሆኑንም አስጠነቀቀኝ።

«ነጻ» የምትለው ቃል አልተመቸችኝም። ለሰው ወረቀት ስሰጥ የኖርሁ እንጂ ወረቀት ለምኜ የኖርሁ ሰው አይደለሁም። ገና እስኪያልፍ ድረስ ቤቴ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ለእድራችን ዳኛ ለአቶ ፉፋ ዋቅሹማ፣ ዓይኔ ጥቂት እንደ ደከመ ብቻ ገልጬ፣ የቀበሌውን ነገር ጫፍ ጫፉን አነሣሁለት። አቶ ፉፋ በሰንጋ ተራ በሬ ሲነግድ የኖረ፣ ነገር የማያሽሞነሙን ሰው ነው። «ዕድሜ ልክዎን እድር ከፍለው፣ ሲሞቱ ድንኳን ቢተከልልዎ ምጽዋት ነው ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ያን ጊዜማ ሞቼ አላየውም» አልሁት። «እንግዲያው አሁን እያሉ ይዩት። ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል፤ ይህም የራስዎ ድንኳን ነው» አለኝ።

ማመልከቻውን ማንም ሳያግዘኝ በእጄ ጻፍሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ደጉ ትሑት ወጣት ነው፤ ወረቀቱን ግን ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው አልሆነለትም። «አባት፣ ይህ እኮ የሜክሲኮ አውቶቡስ ነው፤ አንዱ መስመር ባንዱ ላይ ተሳፍሯል» አለና ራሴ እየነገርሁት በአዲስ ወረቀት ገለበጠው። ከዚያም ኑሮዬን የሚያውቁ ሦስት ጎረቤቶች ኮሚቴው ፊት ቀርበው መመስከር እንዳለባቸው አስረዳኝ።

አቶ ፉፋን፣ አቶ በከርንና የግድግዳ ጎረቤቴን ወይዘሮ ሠርካዲስን ጠራሁ። የነገርኋቸውም «ሐሙስ ቀበሌ መጥታችሁ ስለ ኑሮዬ መስክሩልኝ» ብቻ ነው። ምን ብለው እንደሚመሰክሩ አልነገርኋቸውም፤ እንዴት ይነገራል? ይህ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ቢሮ ፊት መቅረብ ነውና ግራጫውን ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ጫማዬን እንደ መስተዋት አስወልውዬ መሄዴ ነው።

አስቀድሞ አቶ በከር ተነሣ። «ጋሽ ወልዴን ነው የምትጠይቁኝ?» አለ፤ በጥያቄው የተሰደበ ይመስል ነበር። «እሳቸው ከሱቄ ሲገቡ እኔ ነኝ የምነሣው። ጋዜጣ ሳያነብቡ ውለው አያውቁም። የሚጎድላቸው ነገር የለም፤ አልሐምዱሊላህ!» አቶ ፉፋም ቀጠለ፤ ለእድሩ ድንኳን ሸራ ሲያስፈልግ መጀመሪያ እጁን የዘረጋው ማን እንደ ነበረ ጠይቆ፣ ራሱ «እሳቸው!» ብሎ መለሰ። ያ የሆነው በ1958 ዓ.ም. መሆኑን ግን አልጨመረበትም። ወይዘሮ ሠርካዲስ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመችና፣ «ከጋሼ ቤት ጢስ ተቋርጦ አያውቅም። ዓመት በዓል ሲሆንም እኔን ሳያስቡ ውለው አያውቁም። ቤታቸው ሙሉ ነው፤ ማርያምን!» ብላ ማለች።

እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች አልዋሹም፤ ያሳየኋቸውን ነው የመሰከሩት። ደግሞም በወጋችን አንድን ሽማግሌ በቢሮ ፊት «ድኻ ነው» ብሎ መናገር እንደ ስድብ ይቈጠራል፤ እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ባደረግሁ። ጓድ ደጉ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «አባት፣ ምስክሮችዎ እንዳሉት ከሆነ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው» ሲል ኮሚቴው ሳቀ። ማመልከቻዬም ሳይፈቀድ ተመለሰ። የሚቀጥለው ስብሰባ የካቲት 10 ቀን ነበር፤ ከቀጠሮዬ አምስት ቀን በፊት ማለት ነው።

ከቢሮው ስንወጣ ሦስቱም ፊታቸው በርቶ ከበቡኝ። አቶ ፉፋ ክንዴን ይዞ፣ «እንዴት ነበር? አላሳፈርንዎትም አይደል?» አለኝ። እኔም ባርኔጣዬን አንሥቼ አመሰገንኋቸው።

ሁለት ቀን ሙሉ ተብሰለሰልሁ። መጀመሪያ በእነርሱ ተቈጣሁ፤ ቀጥሎ በጓድ ደጉ፤ በመጨረሻ የምቈጣበት ሰው አልቆ ራሴን አገኘሁት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ቤቴ ጠራኋቸው። የሺሀረግ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ሰው ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የማቀርብላቸው ከውኃ በቀር ስላልነበረኝ ውኃውን አቅርቤ፣ ጋዜጣ ማንበብ ካቆምሁ ከዓመት በላይ እንደ ሆነኝ፣ ጢሱም የቅጠል ጢስ እንደ ሆነ፣ የየካቲት 15 ቀጠሮዬ ካለፈም ክረምቱን በጨለማ እንደምገፋው ነገርኋቸው።

ከዚያ ወይዘሮ ሠርካዲስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የቅጠል ጢስ እኮ እንደ ወጥ አይሸትም። አውቀነዋል። እርስዎ እንዳናውቅ ስለ ፈለጉ ነው ያላወቅነው» አለች። አቶ በከርም ጕሮሮውን ጠርጎ፣ «ጋዜጣውን ከመስከረም ጀምሮ አብዛኛውን ቀን ዘቅዝቀው ነው የሚይዙት። አንድ ጊዜ ላቃናልዎ ብዬ ተነሥቼ፣ ይቅር ብዬ ተቀመጥሁ» አለ። አቶ ፉፋ ግን ተቈጣ። «ታዲያ ቢሮ መካከል ቆመን እንድናዋርድዎ ኖሯል የፈለጉት? አስቀድመው አይነግሩንም?» ብሎ ጮኸ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ከየሺሀረግ ሞት ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢያዩ ኖሮ የኔታ ከመቃብር የተነሡ ይመስልዎ ነበር። ሦስቱንም በአግዳሚው ላይ ደርድሬ፣ ከዘራዬን በእጄ ይዤ ምስክርነቱን አስጠናኋቸው። «ወልደአማኑኤል ኩማ ከጡረታው በቀር ገቢ የለውም፤ ለሕክምና የሚከፍልበት አቅም የለውም» በሉ አልኋቸው። አቶ በከር «ገቢ የላቸውም» እስከሚለው ድረስ በደኅና ይሄድና «ነገር ግን እንደሳቸው ያለ ጨዋ...» ብሎ ይወጣል። መሬቱን በከዘራዬ አንኳኳለሁ፤ እንደገና ይጀምራል። አቶ ፉፋ «የለውም» ማለት አቅቶት «ለጊዜው አልተመቻቸውም» ይላል። ወይዘሮ ሠርካዲስ ደግሞ ቃሉን በትክክል ይዛዋለች፤ ብቻ «አቅም» ላይ ስትደርስ ታለቅሳለች። በስድስተኛው ዙር ላይ ጥቂት ተሻሻሉ።

የካቲት 10 ቀን ከረባት ሳላስር ሄድሁ። አስቀድሜ ራሴ ተነሥቼ የነበረውን ሁሉ ተናገርሁ፤ ምስክሮቼን ቃላቸውን እንዲያሳምሩ ያደረጋቸው የእኔ ኵራት እንደ ነበረም ገለጽሁ። ከዚያ ሦስቱ በተራ መሰከሩ። አቶ ፉፋ በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ተቀመጠ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ተናግራ ስታበቃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ይቅርታ ጠየቀችኝ። አቶ በከር ግን የተማረውን አድርሶ ሲያበቃ አላስቻለውም፤ «ጓዶች፣ ይህንንም ጻፉልኝ፤ ሰውዬው የተከበሩ ናቸው!» አለ። ጓድ ደጉም ጻፈው። ወረቀቱ ዛሬም ከእኔ ዘንድ አለ፤ ከማኅተሙ በላይ ያለው ቃል «አቶ ወልደአማኑኤል ኩማ የተከበሩ አባት ሲሆኑ የመታከሚያ አቅም የሌላቸው በመሆኑ» ይላል። ሐኪም ቤት ያለችው መዝጋቢ ይህን ጮክ ብላ አንብባ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔም አላየሁም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ኖሬ።

ቀኝ ዓይኔ በቀጠሮው ቀን ተሠራ። ዓይኔ ታሽጎ ተኝቼ በነበርሁባቸው ቀናት ወይዘሮ ሠርካዲስና የአቶ በከር ባለቤት ወይዘሮ መሪማ በየተራ ወጥ ያመጡልኝ ነበር። ድሮ ቢሆን በልቻለሁ ብዬ እመልሳቸው ነበር። አሁን ግን በላሁ፤ የወይዘሮ መሪማን ምስር ደግሞ ጨምሪልኝ እስከማለት ደረስሁ። ትንሣኤ ባለፈ በዐሥረኛው ቀን መነጽር ተሰጠኝ። እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ነው፤ ሳደርገው ጉጉት እመስላለሁ ይሉኛል። ግን ጉጉቱ ያያል!

ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ዳዊቴን ከፈትሁ። ያወጣሁት ግን የእርስዎን ደብዳቤ ነው።

የዲያቆኑን ቀጭን ጽሕፈት ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት እያንዳንዱ ፊደል እንደ ባቄላ የተለቀ፣ አንዱ ወደ ዳገት፣ አንዱ ወደ ቍልቍለት የሚሄድ ጽሕፈት ነው። «ወልዴ እንደምን አለህ። ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዲያቆኑ አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ተምሬ የምስክር ወረቀት ተቀበልሁ። ብትስቅ ሳቅ» ይላል።

እትዬ፣ አልሳቅሁም። ከየኔታ እግር ሥር ፊደል ስቈጥር፣ እርስዎ ቆሎዬን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ይጠብቁኝ ነበር። ሲጠብቁ የሰሙትን ይዘው አንድ ቀን በእንጨት መሬት ላይ «ሀ»ን ጻፉና አሳዩኝ። እኔም የሰባት ዓመት ቂል፣ «ለሴት ምን ያደርግላታል» ብዬ በእግሬ ደመሰስሁት። እርስዎ ግን ቆሎዬን ሰጡኝ። ስድሳ ዓመት ያህል ረስቼው ነበር፤ በደብዳቤዎ ላይ ያለችው «ሀ» አስታወሰችኝ። ያን ቀን ስለ ደመሰስሁት ፊደል ዛሬ በጽሑፍ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ዘግይቻለሁ፤ ለደብዳቤዎ ከዘገየሁት ይበልጥ።

እንግዲህ ወደ ጉልበትዎ ልመለስ። «ጉልበቴ አላራምድ ብሎኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ከሄድሁ ሦስት ወር አለፈኝ። ፍቼ ታከሚ ይሉኛል፤ ከገበሬ ማኅበሩ የነጻ ወረቀት ያስፈልጋል። የኩማ ልጅ በሰው ፊት ቆማ የለኝም አትልም፤ ይቅርብኝ» ብለው ጽፈዋል። ይህን ሳነብብ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ይህ ቃል በዳዊቴ ውስጥ ተዘግቶ ዐሥር ወር ሲቀመጥ እርስዎ ዐሥር ወር አነከሱ። ስለዚህ ነው መልሱ ሌላ ቀን የማይቆየው።

እትዬ፣ የኩማ ልጅ በሰው ፊት ቆሞ የለኝም ብሏል። ሰማይ አልተደፋም። ባለቤትዎ ካረፉ፣ መሬቱንም ለልጆች ካካፈሉ በኋላ በእጅዎ የቀረው ደግ ልብ እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቀዋል። ምስክሮችዎን አስቀድመው ቤትዎ ጠርተው ይንገሯቸው፤ ካልነገሯቸው ደገም ሙሉ ተነሥቶ ያመሰግንዎታል። አዲሱን ጥበብ ቀሚስዎን ለዚያ ቀን አይልበሱት፤ የተቀደደም አይፈልጉ፤ የዘወትሩን ይልበሱ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሌላ ወረቀት አያይዣለሁ። ለገበሬ ማኅበሩ የሚያቀርቡት ማመልከቻ ነው፤ አምስት መስመር ብቻ ሲሆን፣ ያለመነጽር እንዲያነብቡት ፊደሉን እንደ እርስዎ ፊደል አተልቄዋለሁ። ዲያቆኑ እንዳያነብብልዎ። ጉባኤው ፊት ቆመው ራስዎ ያንብቡት። እኔ ማመልከቻዬን ሰው ነው የገለበጠልኝ፤ እርስዎ ከእኔ ይበልጣሉ ይባልልኝ።

ለልጅዎ ለእንዳለች በብዙ ናፍቆት ሰላም ይበሉልኝ፤ ለባሏ ለአስፋው እርሻው ይቅናህ ይበሉልኝ፤ የልጆቻቸውን ግንባር አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። ለዲያቆኑም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ሥራው እንደ ተወሰደበት ግን እርስዎ ራስዎ ይንገሩት። ከዚህም አቶ ፉፋ፣ አቶ በከርና ወይዘሮ መሪማ፣ ወይዘሮ ሠርካዲስም ሳያውቁዎት ሰላም ይሉዎታል። ወይዘሮ ሠርካዲስ ምስክር ከጎደለዎ መጥቼ አለቅስላቸዋለሁ ትላለች። የግራ ዓይኔ ተራ ጥቅምት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ለእርሱም ያገለግላል። ከዚያ በፊት በእግርዎ ቤተ ክርስቲያን የደረሱበትን ቀን በገዛ እጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። ፊደሉን አያሳንሱት።

ታናሽ ወንድምዎ
ወልደአማኑኤል ኩማ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.